በጧፍ ክር የተለካች ጊደር

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ብርቱካን ከቦርሳዋ ጥቅል ሜትር አወጣች። ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት ዓይነት፣ ለስላሳ ቢጫ ሜትር ነች። የምታሳድጋትን ጊደር ከግቢያችን ግንድ ጋር አሰረችና ሜትሩን ከፊት እግሯ ኋላ በደረቷ ዙሪያ አሳልፋ ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ ቁጥሩን በደብተር ጻፈች። እኔ ከበሩ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቅ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ቀሚስ ልታሰፊላት ነው?" አልኋት።

"እድገቷን ነው የምለካው አባባ። ካልለካኋት መብላቷን እንጂ ማደጓን በምን አውቃለሁ?" አለችኝ እየሳቀች።

ብርቱካን የከብት ትምህርት የተማረች፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ሥራ የያዘች ልጅ ነች። ጊደርን በደረቷ ዙሪያ መለካት ከትምህርት ቤት ያመጣችው አዲስ ነገር መስሏታል። እኔ ግን ሜትሩ በጊደሯ ደረት ሲዞር ሳይ አፍንጫዬን የሰም ሽታ መታው። በግቢያችን ሰም የሚባል ነገር የለም። ሽታው የመጣው ከሩቅ ነው፣ ከልጅነቴ። ዝም ብዬ ልተወው ብል እምቢ አለኝና ደብተር አስመጣሁ። ፊደል የለየሁት ከጎለመስሁ በኋላ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ የሚቸኩል ሰው ይለፈው።

ያኔ የምንኖረው ከገሳይ ወዲህ፣ ጉና ተራራ ፊት ለፊት በሚታይባት መንደር ነበር። ብርድ አገር ነው። ሰውም ከብትም በአንድ ጣራ ሥር ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ስንነሳ ልብሳችን ግማሽ ጭስ ግማሽ እበት ይሸታል። ማንም አይጸየፈውም፤ ሁሉም የሚሸተው እንዲያ ነበር። ኩፍኝ ይዞኝ ከርሜ፣ ይሞታል ተብዬ ተርፌ ስነሳ፣ የክርስትና እናቴ እመት ዘነቡ አንዲት ጡት የጣለች ሴት ጥጃ እየነዱ መጡ። "እንኳን ተረፍህ፣ ይህች ያንተ ነች። ልጇም የልጅ ልጇም ያንተ ነው" አሉኝ። እኛ አገር የክርስትና እናት ጥጃ ከሰጠች ቀልድ አይደለም። ልጁ ሲጎለምስ ትዳር የሚይዘው በዚያች ጥጃ ዘር ነው።

ቀለሟ የተጣራ ማር ይመስል ስለነበር ወለላ አልኋት። ጆሮዋ ስር ሳሸትታት የወተትና የሣር ሽታ ነበራት። ጀርባዋ ያበራል፣ አንድ ቦታ አትቆምም፣ ጭራዋን ሰቅላ ትፈነጥዛለች። እኔም አብሬያት እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ከገሳይ ገበያ የሚመለስ መንገደኛ ከበራችን ቆመና "ይህች ጥጃ ነች ወይስ የተሳለች ሥዕል!" አለ። ማርያም ታሳድጋት አላለም፣ እንትፍ እንትፍም አላለባት። እንዲያው አድንቆ ሄደ። በማግስቱ ወለላ ተቅማጥ ያዛት። ክረምት መግቢያ ነበር፤ ለጋ ሣር በዝቶባት እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን በቤታችን ይህን የሚያስብ አልነበረም። እናቴ አገጯን ይዛ "ዓይን ነው" አለች። እኔም ዓይን ነው አልሁ። አንድ ነገር ዓይን ነው ካልሁ ደግሞ ከዚያ የሚያወርደኝ አልነበረም። ግትር ነበርሁ፣ አሁንም ነኝ።

ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። እኔ ግን አልለቀቅኋትም። ከጋጣው ኋላ፣ በጎተራውና በግድግዳው መካከል ጨለማ ጥግ ነበረች። በጭራሮ አጥሬ፣ በላዩ አሮጌ ሰሌን ጥዬ፣ ወለላን እዚያ አስገባኋት። ከዚያ ወዲያ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ብዬ ደጅ አላወጣኋትም። ሌላው ከብት መስክ ሲወርድ እሷ ውስጥ ትቀራለች። ለምለም ሣር አጭጄ እንዳልወስድላት "ለማን ነው?" የሚለኝ ይበዛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የገብስ ገለባ በክንዴ፣ ውሃ በቅል እየወሰድሁ አኖርኋት። እናቴ አይታ ዝም አለች፤ እሷም የፈራችው እኔ የፈራሁትን ነው። አባቴ ደግሞ በሬዎቹ ካልታመሙበት በቀር ጋጣ ውስጥ ያለውን ቆሞ የሚያይ ሰው አልነበረም። አንድ ክረምትና አንድ በጋ፣ ከዚያም ሌላ ክረምት እንዲያ አለፈ።

በፍቅር ነው ያደረግሁት። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። በየቀኑ በጣቶቼ ጠጉሯን አበጥርላት ነበር። ጠጉሯ እየሻከረ፣ እየቆመ መሄዱን ጣቴ ያውቀዋል። እኔ ግን ዓይኑ ገና አልለቀቃትም እያልሁ ጭራሹን ሰሌን እጨምርባት ነበር።

መስቀል ሲያልፍ አባቴ ጋጣውን ሊጠርግ ገባና ጭራሮውን አፈረሰው። ወለላን በገመድ ጎትቶ ደጅ አወጣት። የመስከረም ፀሐይ ሲያርፍባት ዓይኗን ጨፍና ቆመች። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። ሆዷ እንደ ገንቦ ተነፍቷል፣ ጀርባዋ ግን እንደ ቢላ ጀርባ ነው። የሁለት ዓመት ጊደር ልትሆን ምንም ያህል አልቀራትም፣ ቁመቷ ግን እኔ ዘንድ ስትመጣ ከነበረችው ብዙም አልዘለለም። ጎረቤታችን አያ ካሴ ለቀልድ የሚቀድመው የለም፤ በአጥራችን ላይ ብቅ አለና "ምነው፣ ቅል የዋጠች ፍየል ከየት አመጣችሁ?" አለ። የመንደሩ ልጆች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ብርሃን ላይ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አባቴ ዙሪያዋን ዞራትና "ዓይን በልቷታል። ይህች ከእንግዲህ አትረባም" አለ። ከዚያ ቀጥሎ የተናገረው ነው እንቅልፍ ያሳጣኝ። ስምንት ቤት ሆነን በየዓመቱ ለፋሲካ ቅርጫ እናርድ ነበር፤ የሚታረደውን በየተራ አንድ ቤት ያቀርባል። የመጪው ፋሲካ ተራ የአባቴ ነበር። "በሬዬን ከማወጣ ይህችኑ ነው የማወጣው" አለ። አያ ካሴም "ሥጋዋ ባይሞላ አጥንቷን እንግጣለን፣ ምን ቸገረን" አለ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

እመት ዘነቡ የሚኖሩት ወደ ደብረ ታቦር መዳረሻ ነበር፤ ከኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ለማንም ሳልናገር ሄድሁ። ስደርስ ከደጃቸው ተቀምጠው ፈትል በቀለጠ ሰም እየነከሩ ጧፍ ይሠሩ ነበር። ቤቱ፣ ነጠላቸው፣ እጃቸው፣ ሁሉም ሰም ሰም ይሸታል። ማልቀስ እንጂ መናገር አቃተኝ። እሳቸው አልቸኮሉም። የያዙትን ጧፍ ጨርሰው፣ ጣታቸውን ጠራርገው፣ "እንግዲህ ካለቀስህ ተናገር" አሉኝ። ነገርኋቸው። ጨለማውን ጥግ ግን አልነገርኋቸውም።

በሁለተኛው ቀን፣ በጥቅምት ጊዮርጊስ፣ አብረን ወደ ቤት መጣን። እመት ዘነቡ ወለላን ከራስ እስከ ጭራ አዩዋት። ከንፈሯን ገልጠው ድዷን አዩ። የጎኗን ቆዳ ቆንጥጠው ለቀቁ። እበቷን በእንጨት ገልብጠው ሳይቀር አሸተቱ። ከዚያ ቀና ብለው "ማነው ዓይኑን የጣለባት?" አሉ።

"መንገደኛ ነው" አለች እናቴ።

"መቼ?"

"ካቻምና፣ ክረምት ሲገባ።"

"ከዚያ ወዲህስ ማን አያት?"

አባቴ ወደ እናቴ አየ፣ እናቴ ወደ እኔ አየች። "እኔ ብቻ" አልሁ። ጨለማው ጥግም ሰሌኑም ያን ጊዜ ወጣ።

"እንግዲያው ዓይን ከበላት ያንተ ዓይን ነዋ የበላት!" አሉ እመት ዘነቡ። "ካንተ በቀር ያያት የለም።"

አያ ካሴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ መሬት ብትከፈት በወደድሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ርቧታል ልጄ። ሣር ርቧታል፣ ጨው ርቧታል፣ ፀሐይ ሳይቀር ርቧታል። የራባት ደግሞ ስትበላ ትነሳለች።"

አባቴ ይህን አልወደደውም። "እመት፣ አንቱ ጧፍ እንጂ ከብት መች ያውቃሉ? ከብት የማረባው እኔ ነኝ።"

"ከቤቴ ስትወጣ እንዲህ ነበረች?" አሉት።

የተረታ አባት ደግሞ ይብሳል፤ እሳቸው ይህን ያውቃሉ መሰለኝ፣ ክርክሩን ተዉት። ከመቀነታቸው የጧፍ ፈትል መዘዙ። በወለላ ደረት ዙሪያ፣ ልክ ብርቱካን ሜትሯን ባሳለፈችበት ቦታ፣ አሳልፈው ጫፍና ጫፉ የገጠመበትን ቋጠሩት። "ለጊዮርጊስ ተስያለሁ" አሉ። "በደረቷ ዙሪያ ልክ ጧፍ አስገባለሁ። በየወሩ በሃያ ሦስት እየመጣሁ እለካለሁ። እስከ ሆሳዕና ድረስ አንድ ስንዝር ከጨመረች ቢላህን ታስቀምጣለህ። ካልጨመረች እኔው ገመዷን ይዤ አስረክብሃለሁ።"

ሰው በቁመቱ ልክ ጧፍ ሲሳል እናውቃለን። ለጊደር ደረት ሲሳሉ ግን ያን ቀን ገና መስማታችን ነው። ቢሆንም ስለት ስለት ነው፤ አባቴ ለእመት ዘነቡ እምቢ ቢል ለጊዮርጊስ እምቢ አይልም። ትንሽ አሰበና "በማን ስንዝር?" አለ።

"በልጁ። ጊደሯ የሱ ነች።"

"የሱማ ስንዝር የድመት እርምጃ ነው! በኔ ነው እንጂ።"

አባቴ እጁ እንደ አካፋ ሰፊ ነበር። ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ በአባቴ ስንዝር ሆነ። እኔ የራሴን እጅ ዘርግቼ አየሁት፣ የሱን አየሁት፣ ልቤ ወረደ።

እመት ዘነቡ ከመሄዳቸው በፊት ለብቻዬ ጠርተው አስጠኑኝ። ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ ደጅ አውጣት። አዝመራው ሲነሳ ማሳው ውስጥ የቀረውን ትልቀም። ማታ ገለባ ብቻ አትስጣት፣ ድርቆሽ ቀላቅልበት። ጨው በመዳፍህ አስልሳት። ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ። ቤት ጠላ ሲጠመቅ አተላውን አታስደፋ። ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት እየደገምሁ በቃሌ ያዝሁት።

የመጀመሪያውን አተላ የሰጠኋትን ቀን አልረሳውም። ቶሎ ትደግልኝ ብዬ እንስራ ሙሉ የሚሆን ገበቴ ላይ ደፋሁላት። ጨርሳ ላሰችው። ከዚያ እግሯ ተጠላለፈ፣ በአያ ካሴ አጥር ላይ ተደገፈች፣ ቀጥላም ተኛች። አያ ካሴ መጥቶ "የክርስትና እናትህ ስለት የገቡላት ሰካራም ሆና እንድታርፍ ነው?" አለኝ። ሞተች ብዬ እያለቀስሁ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ተነስታ ሣር ጋጠች። ከዚያ ወዲህ አተላ በእፍኝ፣ ከገለባ ጋር ተለውሶ ሆነ።

በኅዳር ጊዮርጊስ እመት ዘነቡ መጥተው ለኩ። አዲሱ ክር ከአሮጌው ጋር እኩል ሆነ። አንዲት ጣት እንኳ አልጨመረችም። "መጀመሪያ የጎደላትን ነው የምትሞላው፣ ከዚያ ነው የምታድገው" አሉኝ እመት ዘነቡ። አላመንኋቸውም። በታኅሣሥ ሁለት ጣት ጨመረች። ያን ጊዜ አመንሁ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ግብጦ ስትነክር መራራውን ውሃ አላስደፋትም፤ የወለላን ገላ አጠበችበትና መዥገሩ ረገፈ። ጥር ላይ አሮጌው ጠጉሯ በእጄ እየተነቀለ ከሥሩ ያ የማር ቀለም ብቅ አለ። ሆዷ ጎደለ፣ ጎኗ ሞላ። አንድ ጠዋት ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ። ድርቆሽ ልሰጣት ብገባ ግርግሟ ሞልቶ ጠበቀኝ። የኔ ድርቆሽ ደግሞ አልነበረም። ለእርሻ በሬዎች ተብሎ ለብቻው የተከመረው፣ ማንም እንዳይነካው የተባለው፣ አበባው ሳይረግፍ የታጨደው ድርቆሽ ነበር። እናቴ ነች ብዬ፣ አባቴ ሰምቶ እንዳይቆጣት ዝም አልሁ። ነገሩ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደጋገም ነበር።

ሁዳዴ ገባ። እኛ ስንጾም ወለላ ፈሰከች። ሌላ ጊዜ አሬራና አጓት የልጆች ድርሻ ነበር፤ ጾም ሲሆን ግን እናቴ ለፋሲካ ቅቤ ትንጣለች እንጂ አሬራውን የሚቀምስ የለም። ለወትሮው ለውሻ ይሰጣል ወይ ይደፋል። በዚያ ዓመት አንዲት ጠብታ አልተደፋችም። ወለላ የመናጡን ድምፅ ከሰማች ገመዷን ትወጥራለች። አሬራው ሲቀርብላት እስከ ዓይኗ ድረስ አፏን ነክራ ትጠጣና ነጭ ጢም አብቅላ ቀና ትላለች። እኔ ሆዴ በሽሮ እየጮኸ አጠገቧ ቆሜ እስቃለሁ። በየካቲት ጊዮርጊስ ግማሽ ስንዝር አለፈች። በመጋቢት ደግሞ ጨመረች። ግን ቀኑም አብሮ ይሮጥ ነበር።

ሆሳዕና ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም የዘንባባ ቀለበት በጣታችን፣ የዘንባባ ቅጠል በግንባራችን አስረን ግቢያችን ተሰበሰብን። እመት ዘነቡ መጡ። አያ ካሴ ምስክር ነኝ ብሎ መጣ፤ እኔ እንደሆነ ቢላውን አስልቶ የመጣ ነው የመሰለኝ። ወለላ ከግንዱ ታስራ እያመነዠከች ቆመች። ስለሷ እንደሆነ አታውቅም።

እመት ዘነቡ ክሩን አዙረው ለኩና ቋጠሩት። የጥቅምቱን ክር አወጡ። ሁለቱን አንድ ጫፍ ላይ አጋጥመው በበራችን ድንጋይ ላይ ዘረጓቸው። ረጅሙ ከአጭሩ ያለፈበት ቁራጭ ብቻውን ቀረ። ወለላ የምትኖረው ወይም የምትታረደው በዚያ ቁራጭ ክር ነበር።

አባቴ ተንበረከከ። አውራ ጣቱን ከአጭሩ ክር ጫፍ ላይ ተክሎ ትንሿን ጣቱን ዘረጋ። ክሩ አልደረሰላትም። አንድ ጣት ያህል ጎደለ። እኔ ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ አፌ ደረቀ። እመት ዘነቡ ገመዷን እኔው አስረክባለሁ ብለው ነበር፤ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም።

"ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ እጄ አልተቀመጠችም" አለ አባቴ። እጁን አንስቶ አራገፋት። እንደገና አስቀመጣት። እኔ በጎኑ ቁጢጥ ብዬ ስለነበር አየሁ። አውራ ጣቱን ከመገጣጠሚያው ላይ እጥፍ አድርጎ ነው የተከላት። ያቺ ሰፊ እጁ በአንድ ጣት ያህል አጠረች። ትንሿ ጣቱ ከክሩ ጫፍ ላይ አረፈች።

"ሞልታለች" አለ።

አያ ካሴ አንገቱን አሰገገ። "ምነው፣ እጅህ አጠረችሳ!"

"ጾሙ ነው ካሴ" አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል። "እጄም ከስታለች።"

እመት ዘነቡ የአባቴን እጅ አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ክሮቹን ቀስ ብለው ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ። አባቴ አቧራውን ከጉልበቱ አራግፎ ወደ በሬዎቹ ሄደ። እኔ ወለላ ጎን ሥር ገብቼ ራሴን ሆዷ ላይ ደገፍሁ። ሆዷ ይንጎራጎራል፣ ሞቃት ነው፣ አሬራና ድርቆሽ ይሸታል። ከጥቅምት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ የወረደልኝ እዚያ ነው። ቁጭ አልሁ፣ ከዚያ ፀሐዩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። የግርግሙ ድርቆሽ ከማን እጅ እንደመጣም ያን ጊዜ ገባኝ።

አባቴ የቅርጫ ተራውን ከሌላ ጎረቤት ጋር ለወጠ። ፋሲካን ስናሳልፍ አያ ካሴ ሥጋ በጎረሰ ቁጥር "ይህ የወለላ ቢሆን እንዴት በጣፈጠ!" እያለ አናደደኝ። በሚያዝያ ጊዮርጊስ በዓል ጠዋት እመት ዘነቡ የረጅሙን ክር ጧፍ ጠቅልለው ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቄሱ ጧፉን ተቀብለው "የባለ ስለቷ የክርስትና ስም ማነው?" አሉ።

"የክርስትና ስም የላትም አባ" አሉ እመት ዘነቡ። "ገና ጊደር ነች።"

ቄሱ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። ጧፉ በራ። ሰሙ ሲንጠባጠብ የሸተተኝ ሽታ ነው ባለፈው ሳምንት ከብርቱካን ሜትር ጋር ተመልሶ የመጣው።

ከዚያ በኋላ አባቴ ወለላን ለኮርማ ሊሰጣት ቸኮለ፤ እመት ዘነቡ ናቸው ደግመው የከለከሉት። "አንድ ስንዝር ደግሞ ትጨምር። በትንሽነቷ ካረገዘች ወይ እሷ ወይ ጥጃዋ ይቀራሉ" አሉ። ጠበቅን። ስትወልድ ያለማንም እርዳታ ወለደች፣ እንገሩን ጎረቤት ሁሉ ቀመሰ፣ "እምቦሳ እሰሩ" እያለ የገባውን ሰው ብዛት ቤቱ አልቻለውም። አያ ካሴ እንገሩን ጠጥቶ ከንፈሩን ጠረገና "እኔ እኮ አትታረድ ብያችሁ ነበር" አለ። የወለላ ዘር ቤታችን ውስጥ ብዙ ዘመን ቆየ። እኔም የተዳርሁት በዚያው ዘር ነው።

አባቴን ሽማግሌ ከሆነ በኋላ አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። "አባዬ፣ ያን ቀን አውራ ጣትህን አጥፈህ ነበር" አልሁት። "የምን አውራ ጣት?" አለኝ። "ድርቆሹስ?" አልሁት። "የምን ድርቆሽ?" አለኝ። ግትርነቴን ከማን እንደወረስሁ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

አሁን ወደ ብርቱካን ጊደር ልመለስ። ይህች ድቅል ነች፣ ረጅም፣ ጥቁርና ነጭ። ጆሮዋ ላይ ቁጥር ተሰክቶባታል። ብርቱካን በቁጥሯ ትጽፋታለች፣ እኔ ወለላ እላታለሁ፤ ለሁለታችንም ዞር ትላለች። መጀመሪያ ስትመጣ "ከመንገድ ዳር አትሰሪያት፣ የሰው ዓይን አለ" ብዬ ነበር። ብርቱካን ሳቀችና ጭራሽ ፀሐይ የሚመታት ቦታ አሰረቻት። በዚህ ጉዳይ እኔ የምናገርበት አፍ የለኝም። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተለክቶ ይቀርብላታል፣ ድርቆሽ አይጓደልባትም፣ ጨውዋ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ስትፈልግ ትልሳለች። ስንቱን እኔ በለቅሶ የተማርሁትን ይህች ልጅ ከቁርሷ በፊት ታደርገዋለች።

ሰሞኑን ታዲያ እኔው ነበርሁ የምጨቀጭቃት። "ደርሳለች፣ የኮርማ ዘር የሚሰጣትን አዳቃይ ጥሪው" እያልሁ። ስለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት ሜትሩን ያወጣችው። ለካች፣ ጻፈች፣ ራሷን ነቀነቀች።

"ጎድላለች አባባ" አለችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ጎድላለች የሚለውን ቃል ስሰማ አፌ ያን ቀን እንደደረቀው ደረቀ። ብድግ አልሁ። "እና ምን ልትሆን ነው?" አልኋት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። "ምን ትሆናለች? ሁለት ወር ትበላለች፣ ከዚያ እንጠራዋለን።"

ተመልሼ ተቀመጥሁ። ሳቄ መጣ፣ ዕንባዬም አብሮ መጣ፣ ብርቱካን ፀሐዩ መታኝ ብላ ውሃ አመጣችልኝ። ለካስ ዛሬ ጎደለች ማለት ትብላ ማለት ብቻ ነው። የማንም ቢላ አይጠብቃትም፣ የማንም ስለት አያስፈልጋትም። ሜትሩ የሚታጠፍ አውራ ጣት የለውም፤ ቢኖረውም ሥራ አይኖረውም ነበር። ጥሩ ነው። እኔ ግን ያችን የታጠፈች ጣት በሜትር አልለውጣትም።

ብርቱካን ወደ ሥራዋ ስትሄድ ተነስቼ ጊደሯ ዘንድ ሄድሁ። እጄ ከእርጅና ጋር ተጨማድዳለች እንጂ የአባቴ እጅ ነች፣ ሰፊ ነች። ደረቷ ላይ አስቀመጥኋት፤ ሞቃት ነበረች። አውራ ጣቴን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ ለካኋት። እሷም ማመንዠኳን አላቋረጠችም።